አንድ ኩንታል ለሦስት ማሳ፦ የአንድ የወሎ ደጋ ቤተሰብ የአፈር ምርመራ

ወረኢሉንና ጀማን ይዞ የተዘረጋው የደቡብ ወሎ ደጋማ ሜዳ ለመንገደኛ አንድ ወጥ ይመስላል። ለገበሬው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀላልና ድንጋያማ ነው፤ ለማረስ አይከብድም፣ ጎርፍ ግን ቶሎ ያጥበዋል። በቤት ዙሪያ ያለው ጓሮ ደግሞ የዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ይነግርዎታል። የሚገርመው ማዳበሪያ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ሦስቱም እኩል ይሆናሉ፦ ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ)፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ።

እዚህ የማቀርበው በዚያ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አፈሩን አስመርምሮ በውጤቱ ምን እንደሠራበት ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ ቀበሌውንም አልጠቅስም። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ጉዳዩን ከናሙና እስከ አጨዳ ተከታትዬዋለሁ።

ቤቱና መሬቱ

የቤተሰቡ መሬት በጠቅላላ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ሁለት ጥማድ ይሆናል፤ ስንዴና ጤፍ፣ አንዳንዴም ምስር ይዘራበታል። ከመንደሩ በላይ፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለው የተዳፋት ማሳ አንድ ጥማድ ተሩብ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይፈራረቁበታል። የቀረው ሦስት ሩብ ጥማድ ጓሮው ነው። ከበረቱ ሥርና አመድ ከሚደፋበት ጥግ ይጀምራል።

አባወራው ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። የተዳፋቱን ካብ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ፣ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት በሚሰፈርበት ጊዜ። ስለ አፈር መሸርሸር ማንም እንዲያስተምራቸው አይፈልጉም፤ ድንጋዩን በትከሻቸው ተሸክመዋል። ጥያቄያቸው ሌላ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር እሳቸው መግዛታቸውን አላቆሙም፤ ምርቱ ግን ባለበት ቆመ። «ገንዘቡ ወዴት እየሄደ ነው?» ነው ያሉት።

ልጃቸው መልስ ያገኘ መስሎት ነበር። በሬዲዮ ስለ አሲዳማ አፈር ሰምቷል፤ በጎጃም ኖራ የጨመሩ ገበሬዎች ስንዴያቸው እንዴት እንደተሻሻለ ሰምቷል። ስለዚህ የእነሱም አፈር «ታሟል»፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተው መኪና ሊከራዩም አስበዋል። ምርመራው የተጀመረው ይህን ለማጣራት ነው፤ ኖራ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ወደ ናሙናው ከመግባቴ በፊት «አንድ ኩንታል፣ አንድ ኩንታል» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ልበል። ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ሁሉ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ሲባል ኖሯል። ዳፕ በመቶ ኪሎው 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት (የማዳበሪያ ፎስፎረስ የሚቆጠርበት ውሕድ) አለው፤ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የተባለው የካርታ ሥራ ተጀምሮ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ እንደሚያንሱ ሲገልጽ ዳፕ ቦታውን ለኤንፒኤስ ለቀቀ። ኤንፒኤስ በመቶ ኪሎው 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ድኝ ይይዛል። ከረጢቱ ተቀየረ እንጂ መጠኑ እምብዛም አልተቀየረም፤ ገበሬው ዘንድ የደረሰው ያው አንድ ኩንታል ነው። እንዲያውም በኩንታል ሲሰላ ፎስፌቱ ከ46 ወደ 38 ወርዷል። ይህን ለገበሬው የነገረው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ናሙናው

ናሙና የወሰድነው ከአጨዳ በኋላ፣ በበጋው ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን አብዛኛው የአፈር ምርመራ የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ እዚሁ ማሳው ላይ ነው።

ልጁ አፈሩ የሚደባለቅበት ባልዲ ይዞ መጣ። ታጥቧል፤ ከሥሩ ጠርዝ ላይ ግን ነጫጭ ፍሬዎች ተጣብቀዋል። ዩሪያ ነው። አንድ ቁንጥር ዩሪያ በአንድ ባልዲ አፈር ውስጥ ከቀለጠ የናይትሮጅኑ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ባልዲው ቀርቶ እናቱ የልብስ ሳፋ ሰጡን። ቀጥሎ አፈሩ የሚሰጣበት ነገር ሲፈለግ የቀረበው፣ እንደ ሁሉም የገበሬ ቤት፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። እሱም ተመለሰና በንጹሕ ላስቲክ ተተካ። አባወራው ሳቁብን፤ «ይኼ አፈር ነው ወይስ ሙሽራ?» አሉ።

አቆፋፈሩ እንዲህ ነው። በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ ይነሳል። ከአንድ ማሳ በዚግዛግ እየተሄደ ከ10 እስከ 15 ቦታ ይወሰዳል። ከዛፍ ሥር፣ ከካብ ጥግ፣ ፍግ ተከምሮ ከነበረበት፣ ከብት ከሚውልበት አይወሰድም። ሁሉም ሳፋው ውስጥ ይደቅቃል፣ ይደባለቃል፤ ከዚያ ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ አራት ቦታ ይከፈልና ማዶ ለማዶ ያሉት ሁለቱ ይጣላሉ። አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ይኸው ይደጋገማል። ጥላ ሥር ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። የማሳው ስም በእርሳስ ይጻፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።

የተዳፋቱ ማሳ ላይ አንድ ነገር ተከራከርን። በሁለት ካብ መካከል ያለው መሬት አንድ አይደለም። ከታችኛው ካብ አናት ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ወፍራም አፈር አለ፤ ከላይኛው ካብ እግር ሥር ደግሞ ዶማው ወዲያው ድንጋይ ይነካል። ሁለቱን ብንደባልቅ የትኛውንም የማይመስል አማካይ ቁጥር እናገኛለን። ለሁለት እንከፍለው ቢባል ደግሞ የምርመራው ወጪ ይጨምራል። በመጨረሻ ከመካከለኛው ክፍል ብቻ ወሰድንና ጠርዞቹን ትተናቸዋል፤ አሁንም የተሻለው መንገድ ይኸ ይመስለኛል።

ጎረቤቶች በሩቁ ያዩን ነበር። አፈር በላስቲክ እየተቋጠረ ሲሄድ ሰው ዝም አይልም። አንዱ መሬት እንደገና ሊከፋፈል ነው አለ፤ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ገና አልተረሳም። ሌላው የግብር ነገር ነው አለ። ሦስተኛው፣ ነገር ዐዋቂው፣ ኦፓል እየፈለጉ ነው ብሎ አረጋገጠ። እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደላንታ ላይ ኦፓል ከወጣ ጀምሮ በወሎ ደጋ ጉድጓድ የቆፈረ ሁሉ ይጠረጠራል። አባወራው ከመስጊድ ሲወጡ አንድ ሁለቱን ጠርተው «አብሽሩ፣ የራሴን መሬት ነው የማስመረምረው» ባይሏቸው ኖሮ ወሬው ወረዳ ይደርስ ነበር።

ወረቀቱ ምን አለ

ውጤቱ የመጣው የማዳበሪያ ፍላጎት ተሰብስቦ፣ ቤተሰቡም አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ አስመዝግቦ ካበቃ በኋላ ነው። ይህ የዚህ ጉዳይ ዋና እውነት ስለሆነ እዚህ ላይ ላስምርበት። የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ የሚሄደው ክረምቱ ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለውም። ከአጨዳ በኋላ የተወሰደ ናሙና እንዲህ ያለውን ቀን መቅደም አይችልም። ስለዚህ ምርመራው ቤተሰቡ የሚገዛውን ሊቀይር አልቻለም። የተገዛው የት ማሳ ላይ እንደሚውል ግን ሊቀይር ይችል ነበር፤ የቀየረውም እሱን ነው።

ወረቀቱ ራሱ ቁጥር ብቻ ነበር። ምክር የለውም፣ የቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ በዚያ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፤ እሱም አልገባውም። እኔ እንደማምነው እንዲህ ያለ ወረቀት ለገበሬ መስጠት ምንም ካለመስጠት ብዙም አይሻልም። እናም ቡና እየተፈላ መስመር በመስመር አነበብነው።

መጀመሪያ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበረታል። የዋልካው ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው፣ የጓሮውም እንደዚያው። የተዳፋቱ በመጠኑ አሲዳማ ቢሆንም ከ5.5 በላይ ነው። ችግር የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር በታች ነው፤ ያን ጊዜ አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዛል፣ ፎስፎረሱንም አሥሮ ያስቀረዋል። ኖራ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ባጠበበት በምዕራቡ ደጋ። እዚህ ቤት ግን ኖራ የሚፈታው ችግር የለም። ለሄክታር ብዙ ኩንታል የሚፈልግ ነገር ከሩቅ አጓጉዘው ቢበትኑት ኖሮ፣ በተለይ ዋልካው ላይ፣ ዚንክና ፎስፎረስን ጭራሽ ሊያስርባቸው ይችል ነበር። የምርመራው ወጪ በዚህች መስመር ብቻ ተከፍሏል ማለት ይቻላል። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ መኪና የመከራየቱን ሐሳብ ወዶት ነበር።

ቀጥሎ ፎስፎረስ። ኦልሰን በሚባለው ዘዴ ሲለካ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ5 ሚሊግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከ5 እስከ 15 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ተዳፋቱም ዋልካውም ዝቅተኛው ውስጥ ወደቁ። ጓሮው ግን ከከፍተኛው መስመር በብዙ አልፎ ሄዷል።

አባወራው አልደነቃቸውም። «ኧረ ልጄ፣ የጓሮው ገብስማ ምን ጎድሎት! ማዳበሪያ ባደረግሁ ቁጥር ይተኛብኛል።» እውነታቸውን ነው። ለዓመታት ያዩትን ነው ወረቀቱ የደገመው። «ታዲያ ለምን ያደርጉበታል?» ስላቸው «እኩል አድርጉ ስለተባልን» አሉኝ።

ጓሮው እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ? እህሉም ገለባውም ከሩቅ ማሳ ተጭኖ ወደ ቤት ይመጣል። ገለባውን ከብት ይበላዋል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ሲነድድ ናይትሮጅኑና ብስባሹ ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ደግሞ የሚደፋው ጓሮ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እንዲህ እያደረጉ የሩቁን ማሳ ለምነት በአህያ ጭነው ቤታቸው ጥግ አከማችተውታል። ይህ በዚህ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በደጋው ኢትዮጵያ የጓሮና የሩቅ ማሳን ያወዳደረ ሁሉ የሚያገኘው ነው።

ናይትሮጅኑና ብስባሹ በሁለቱ የሩቅ ማሳዎች ዝቅተኛ፣ በጓሮው መካከለኛ ነበሩ። እነዚህን በአጭሩ አልፋለሁ፤ ዝቅተኛ ናይትሮጅን ያልወጣለት የደጋ ማሳ ብርቅ ነው። ስለ ቦሮንና ዚንክ ደግሞ ላቦራቶሪው አልለካም። በአማራ ክልል ደጋ ማሳዎች ላይ አንድ አንድ ንጥረ ነገር እየቀነሱ የተደረጉ ሙከራዎች ብዙውን ጊዜ ያሳዩት እህሉን በዋናነት የሚያስርበው የናይትሮጅን፣ ቀጥሎም የፎስፎረስ እጥረት መሆኑን ስለሆነ፣ እኔም አልተጨነቅሁበትም።

ክፍፍሉ

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ለአራት ጥማድ እኩል ሲከፈል ለጥማድ 25 ኪሎ ነው። የጓሮው ድርሻ ወደ 19 ኪሎ ይሆናል፤ የተዳፋቱ 31። የጓሮውን አንስተን ለተዳፋቱ ስንሰጠው ተዳፋቱ 50 ኪሎ አገኘ። በሄክታር ሲሰላ ከ100 ወደ 160 ኪሎ ማደጉ ነው፤ አንድ ብር ሳይጨመር።

በቃል ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ጓሮን ያለ ማዳበሪያ መዝራት ለአንድ ገበሬ ከባድ ነገር ነው። ጓሮ ቤተሰቡ በክረምት እህል ሲያልቅበት ቀድሞ የሚደርስለት ማሳ ነው። «እሱ ከከዳኝ በመስከረም ምን እበላለሁ?» አሉ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የተስማማነው በመሞከር ነው። ከጓሮው አንድ ጠባብ ሰቅ እንደ ድሮው ኤንፒኤስ ተደረገበት፤ የቀረው ባዶውን ተዘራ። ድንበሩ ላይ ችካል ተቸከለ። ገብሱ ሲያሽት ልዩነቱን በዓይን ፈልገው አጡ። ዘለላው ሲከብድ ደግሞ የተኛው ማዳበሪያ ያገኘው ሰቅ ነበር።

ዩሪያውም ተሸጋሸገ። ጓሮው ጥቂት ብቻ ወሰደ። ለዋልካው ሲሶው በዘር ጊዜ፣ የቀረው እህሉ ሲጎነቁል፣ ማለትም ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ ሲያወጣ፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። እዚህ ላይ ግን ወረቀቱ ያልጻፈው ነገር ገጠመን።

ውኃው

የላቦራቶሪ ወረቀት ስለ ውኃ መስመር የለውም። የዋልካው በሽታ ግን ከምንም በላይ እሱ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ሄደን ማሳው ጥግ በአካፋ ስንቆፍር ከላይ ያለው አፈር ጥቁር፣ ከመዳፍ ጥልቀት በታች ያለው ግን ግራጫ ሆኖ ሽታ ነበረው። የስንዴው ሥር እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፏል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ነው። ይህን ያየ ገበሬ ሁሉ «ማዳበሪያ አነሰው» ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። አየር ባጣ አፈር ውስጥ ግን ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል፤ የተጨመረው ዩሪያ ብዙው ወደ ሰማይ ይሄዳል። አባወራው መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ፣ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው፣ ግማሽ መልሱ እዚህ ነበር።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ሁለት ሞፈርና ማረሻ አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ከፍ ያለ መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል በኩል ተሠርቶ በጥቁር አፈር አካባቢዎች ተሰራጭቶ ነበር። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ በእጁ መደብ ያወጣ ነበር። ቤተሰቡ መሣሪያውን ከጎረቤት ቀበሌ ተውሶ ግማሹን ማሳ በመደብ ዘራ፤ ግማሹ በተለመደው ቀረ።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። ቦይ ካወጣህ ውኃው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሄደው ደግሞ ከታች ወዳለው ጎረቤት ምስር ነው። ጎረቤትዬው በማለዳ ደጃፍ ቆመው «የአላህን ዝናብ እኔም እቀበላለሁ፤ ያንተን ግን አልቀበልም» አሉ። ይህ ክርክር በደጋው አሮጌ ነው፤ የፈሰስ ውኃ ስንት ወንድማማች አጣልቷል። ሽማግሌ ተቀመጠ። በድንበሩ ላይ የጋራ ቦይ እንዲወጣ፣ ወደ ቆየው የውኃ መውረጃ እንዲገናኝ፣ ቦይው ቦረቦር እንዳይሆን መጋጠሚያው ላይ ድንጋይ እንዲደረደርና ሣር እንዲተከል ተፈረደ። ሁለቱም ቤቶች አብረው ቆፈሩት። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የአፈር ለምነት ሥራዎች ሁሉ በጣም አስፈላጊው ይህ የሽማግሌ ፍርድ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በየትኛውም የምርመራ ቅጽ ላይ ግን አይገኝም።

በመደብ የተዘራው ስንዴ ቢጫነቱ ለቀቀው፤ ሁለተኛው ዩሪያ ሲሰጠው በሳምንት ውስጥ ጠቆረ። በተለመደው የተዘራው ተከትሎት አልሄደም። የታችኛው የማሳው ጥግ ግን መደብ ቢኖረውም ውኃ ይተኛበታል፤ እዚያ ላይ ከስንዴ ይልቅ ክረምቱ ሲወጣ ጓያ ወይም ምስር መዝራት ይሻላል የሚለው የአባወራው ሐሳብ ነው፣ እኔም እስማማለሁ።

ኩበቱ

የተዳፋቱን ችግር ለማሳየት የተጠቀምነው ሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው። ከማሳው መካከል አንድ የደረቀ ጓል፣ ከካቡ ጫፍ ሣር ከበቀለበት ሌላ ጓል ተነሥቶ በየብርጭቆው ተጨመረ። የማሳው ጓል ቡና ሳይቀዳ ፈርሶ ሥሩ ላይ ጭቃ ሆነ። የሣሩ እንዳለ ቀረ፤ ውኃውም ጥርት እንዳለ ነበር። አፈሩን የሚያያይዘው ብስባሽ ከሌለ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ምን እንደሚያደርገው ለማስረዳት ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ካቡ አፈሩን ይይዘዋል፤ አፈሩ እርስ በርሱ እንዲያያዝ የሚያደርገው ግን ካብ አይደለም። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ የኖረበት ጣቢያ አለ፤ ወሎ ስለ እርከን የሚያውቀው ብዙ ነው። ስለ ብስባሽ የምናወራው ግን ያነሰ ነው።

ብስባሽ ሲባል ሁሉም ወደ እበቱ ያያል። እበቱ ደግሞ የእማወራዋ ነው። የምትጠፈጥፈው፣ የምታደርቀው፣ የምትከምረው፣ የምትሸጠውም እሷ ናት። ዛፍ በሌለበት ደጋ ኩበት ማገዶ ብቻ ሳይሆን የጨው፣ የስኳርና የቡና ገንዘብም ነው። የልማት ሠራተኛዋ ስለ ኮምፖስት ስታስረዳ ባልየው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሚስትየው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «እሺ ልጄ፣ ኩበቱን ለመሬቱ ልስጠው። እንጀራውን በምን ልጋግረው?»

ባለሙያ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ባሕር ዛፍ ትከሉ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥሩ። ምድጃው እውነትም ይረዳል፤ ባሕር ዛፉ ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለውን ማሳም ያደርቃል። የሠራው ሐሳብ የመጣው ከራሳቸው ነው። በክረምት እበት አይደርቅም፤ ዝናቡ እየመታው ኩበት አይሆንም፣ በረት ውስጥ ከጭቃ ጋር ተለውሶ ይቀራል። ያ የማንም አይደለም፤ ለማገዶም ለገበያም አይሆንም። «የክረምቱን ውሰዱ፣ የበጋውን አትንኩብኝ» አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እበት፣ ከብት የረገጠው ገለባና የበረቱ እርጥብ ጉዝጓዝ በአንድ ቦታ እየተከመረ፣ በአፈር እየተሸፈነ ኮምፖስት ሊሆን ስምምነት ሆነ። አመዱም ከአሁን በኋላ ጓሮ አይደፋም፤ ክምሩ ላይ ይጨመራል።

መጠኑ ለአንድ ጥማድ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ክምሩ በየዓመቱ የሚሄደው ተዳፋቱ ላይ፣ ከላይኛው ካብ እግር ሥር ወዳለችው ስስ ቁራጭ ብቻ ነው። ክምሩን ወደ ዳገት መሸከም ደግሞ የአህያና የልጆች ሥራ ነው፤ ልጁ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሐሳብ ነበረው፣ አንዱም ደግ አልነበረም። ከገብስ በኋላ ባቄላ እንዲገባና የባቄላው ሥር ሳይነቀል በማጭድ እንዲታጨድ ተስማምተዋል፤ ናይትሮጅን የሚያስገቡት እጢዎች ሥሩ ላይ ስለሆኑ።

የቀረው

ስለ ምርቱ ቁጥር ከእኔ የሚጠብቅ ካለ አልሰጥም። የአንድ ክረምት ዝናብ ከሌላው ይለያል፤ የአንድ ቤት አጨዳም ማስረጃ አይሆንም። የተዳፋቱ ገብስ ከጎረቤቶቹ እንደተሻለ ጎረቤቶቹ ራሳቸው ይላሉ፤ ጓሮው ኤንፒኤስ ቀርቶበት እንዳልከዳ ቤተሰቡ ይናገራል።

ሌሎች ቤቶች ማስመርመር ጀምረዋል፤ ግን በየማሳው ለእያንዳንዱ ቤት ናሙና መላክ የሚቻል ነገር አይደለም። የልማት ሠራተኛዋ ያሰበችው ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ አያያዝ ያላቸውን ማሳዎች አሰባስቦ ለአንድ ቡድን አንድ ናሙና መላክ ነው፤ የሜዳው ዋልካ አንድ ቡድን፣ ተዳፋቱ አንድ ቡድን። ለጓሮው ናሙና እንኳ አያስፈልግም ትላለች፤ አመድ የት እንደሚደፋ መጠየቅ ይበቃል። ትክክል ናት ብዬ አስባለሁ፤ የሚያጠራጥር ጓሮ ካለ ያኔ ይመረመራል።

የጊዜው ጉዳይ ግን አልተፈታም። የጓሮውና የተዳፋቱ ገብስ ቀድሞ ስለሚታጨድ፣ ቀጣዩ ናሙና ከእነሱ በኅዳር መጀመሪያ ተወስዶ ውጤቱ የማዳበሪያ ፍላጎት ከመሰብሰቡ በፊት እንዲደርስ ታስቧል። ዋልካው ያኔ ገና እህል ስላለበት እሱ በበፊተኛው ውጤት ይሄዳል። ቤተሰቡ በሚቀጥለው ምዝገባ ኤንፒኤሱን ትንሽ ቀንሶ ዩሪያውን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። የምዝገባ ቅጹ ለአንድ አባወራ ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የሦስቱ ማሳ ክፍፍል በልጁ ደብተር ላይ ተጽፎ ይቀመጣል።